ደራርቱ ያልሮጠችባቸው ዓመታት

ስለ ደራርቱ ቱሉ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም የምንሄደው ወደ ባርሴሎና ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ የ20 ዓመት የበቆጂ ልጅ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ከቡድኑ ተነጥላ ስትወጣ ተከትላት የሄደችው ደራርቱ ብቻ ነበረች። ሜየር ‹ተራ በተራ እንምራ› በሚል ገለል ስትልላት ደራርቱ እሺ አላለችም። ከኋላዋ እንደተለጠፈች ቆይታ ወደ መጨረሻው ዙር ሲገቡ ተፈትልካ ወጣች፤ 31:06.02። ከዚያ ሜየርን ቆማ ጠበቀቻትና እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ከሮም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችበት፣ አንዲት ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀችበት ምሽት ነው። ዛሬም ሲወራ ዕንባዬ ይመጣል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ጊዜ ነው። በውጤት መዝገብ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት ባዶ ስለሆኑት ዓመታት፣ ስለ 1990 እና 1991። በእነዚያ ዓመታት ደራርቱ ወልዳ ልጇን ታሳድግ ነበር። የምለውም አጭር ነው፦ ሴት አትሌት የምትወልድበትና ወደ አቋሟ የምትመለስበት ጊዜ የሥራዋ አካል ነው፤ ክለቦቻችንም ደሞዝ ሊከፍሉበት ይገባል።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። እኔም በክለብ ማሊያ 10 ሺህ ሜትርና ሀገር አቋራጭ ስሮጥ ነው ወጣትነቴን የጨረስኩት። አሁን ሴት ልጆችን አሰለጥናለሁ።

እስቲ ደራርቱ እስከ 1990 የመጣችበትን መንገድ እንየው፤ የሚወራልንን ያህል ቀጥ ያለ አልነበረምና። አርሲ፣ በቆጂ፣ ከብት እየጠበቀች ያደገች ልጅ ናት። ነሐሴ 1982 ቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ ላይ የዓለም ወጣቶች የ10 ሺህ ሜትር ሻምፒዮን ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ባርሴሎና። ከባርሴሎና በኋላ ግን ጉልበቷ ተጎዳና ከውድድር ራቀች፤ የዓለም ሻምፒዮና ያለ እሷ አለፈ። መጋቢት 1987 ወደ እንግሊዟ ደራም ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለ እንቅልፍ አድራ፣ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ደርሳ የዓለም ሀገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጎተንበርግ ላይ በዓለም ሻምፒዮና በፖርቹጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤሮ ተቀድማ ብር ወሰደች። በ1988 በደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ በሀገር አቋራጩ ውድድር መሐል ጫማዋ ወልቆ ከኋላ ተነስታ አራተኛ ወጣች። አትላንታ ኦሊምፒክ ላይም ጉዳት ይዟት አራተኛ። የአትላንታን ነሐስ ጌጤ ዋሚ ስትወስድ፣ በማራቶኑ ፋጡማ ሮባ ወርቅ ይዛ ስትመለስ፣ ደራርቱ ባዶ እጇን ገባች። በ1989 ቱሪን ላይ እንደገና የሀገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች፤ በዚያው ክረምት በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ግን ምንም አልሆነላትም። ከዚያ ወለደች።

የዚያን ጊዜ እኛ ሠፈር የሚባለው አንድ ነበር፦ ‹‹በቃ፣ ወርቋን አግኝታለች፣ አገባች፣ ወለደች፣ አበቃ።›› በክፋት አልነበረም የሚባለው። ሴት ልጅ ከወለደች ሩጫ ያበቃል የሚለው ነገር እንደ ክረምት ዝናብ የሚጠበቅ ነበር። እኛ ራሳችን፣ ሯጮቹ፣ እንደዚያ ነበር የምናምነው።

መጋቢት 1992 ፖርቹጋል ቪላሞራ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሀገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያን ጊዜ እንኳ ‹ሀገር አቋራጭ ሌላ፣ ትራክ ሌላ› ያሉ ነበሩ። መስከረም 20 ቀን 1993 ሲድኒ። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ከፊት ሆና ዙሩን አከረረችው፤ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ቀሩ። ደራርቱ፣ ጌጤና ሪቤሮ ግን አልቀሩም። በመጨረሻው ዙር ደራርቱ የወጣችው አወጣጥ! ማንም አልተጠጋትም። 30:17.49፣ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ጌጤ ሁለተኛ፣ ሪቤሮ ሦስተኛ፣ ስትመራ የነበረችው ራድክሊፍ አራተኛ።

ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሳትወልድ በ20 ዓመቷ 31:06.02፤ ወልዳ በ28 ዓመቷ 30:17.49። በ48 ሰከንድ ከግማሽ ይፈጥናል። በ10 ሺህ ሜትር 48 ሰከንድ ማለት ከግማሽ ዙር በላይ ነው። የባርሴሎናዋ ደራርቱና የሲድኒዋ ደራርቱ በአንድ ትራክ ላይ ቢሮጡ፣ የሲድኒዋ መስመሩን ስትረግጥ የባርሴሎናዋ ገና የኋለኛውን ቀጥታ እየሮጠች ነው።

በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። 1993 ዓ.ም.ን ብቻ ውሰዱ። መስከረም ላይ ሲድኒ ወርቅ። ሚያዝያ ላይ የለንደን ማራቶንን በ2:23:57 አሸነፈች። ነሐሴ ላይ ካናዳ ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ወርቅ፤ ብርሃኔ አደሬ ሁለተኛ፣ ጌጤ ሦስተኛ፣ ሦስቱም ሜዳሊያ የኛ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ጳጉሜ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ! ይህን ዓመት የወለዱት እነዚያ ሁለት ባዶ ዓመታት ናቸው። አንድ ኃላፊ በ1991 ‹ውጤት አላመጣችም› ብሎ ፋይሏን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ፣ እሷም አምና ተቀብላው ቢሆን ኖሮ፣ የትኛውን ሲድኒ ነበር የምናወራው?

ከሲድኒ በኋላም አላቆመችም። ነሐሴ 1996 አቴንስ ላይ በ30:26.42 ነሐስ ወሰደች፤ ከባርሴሎናው ወርቅ 39 ሰከንድ በላይ የሚፈጥን ነሐስ። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን በ2:28:52 አሸነፈች። በዚያ ውድድር አራተኛ የወጣችው ያቺው ራድክሊፍ ናት። ራድክሊፍም ጥር 1999 ወልዳ፣ ዓመት ሳይሞላት ጥቅምት 2000 ያንኑ ኒውዮርክን ያሸነፈች እናት ናት።

ታዲያ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ በወንድ ኃላፊዎች ጠረጴዛ ላይ የሚታወቅ አይመስለኝም። ላስረዳ። ከወሊድ በኋላ ዳሌን የሚያያዙት ጅማቶች ለወራት ልል ሆነው ይቆያሉ። የሆድ ጡንቻ ተከፍቷል። ደም ያንሳል። ሯጭ ደግሞ የለመደችው ሰውነት እንዳለ መስሏት፣ ጭንቅላቷ የድሮውን ፍጥነት እየጠየቃት ትነሳለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በእግር መሄድ ነው። ከዚያ ዱብ ዱብ፣ አፈር ላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ። አስፋልት አይነካም፣ ስፓይክ አይታሰብም። ፋርትሌክ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ኢንተርቫል ከዚያም በኋላ። የቸኮለች ዳሌዋን ወይም የእግሯን አጥንት ትሰብራለች፤ ተሰብራ የቀረች አይቻለሁ። በዝግታ የሄደችው ግን ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናት አዲስ ጉልበት ይዛ ትመጣለች። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹ የየራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። እኔ የማየው ትዕግሥታቸውን ነው፤ ከወለዱ በኋላ ዙሩ ሲከር አይደነግጡም።

አሁን የማሰለጥናት አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልጠራም። ልጇ ሰባት ወር ሆኖታል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንገናኛለን። ከቤት ስትወጣ አጥብታ ትወጣለች፤ ሕፃኑ ጎረቤት ይቆያታል። ባለፈው ሳምንት ረዘም ያለ ሩጫ ነበረን። አንድ ሰዓት እንዳለፈ ከቡድኑ ወደ ኋላ ቀረት ማለት ጀመረች፤ ቱታዋን እስከ አንገቷ ዘግታዋለች። ዞሬ አጠገቧ ስደርስ ጡቷ ሞልቶ ወተቱ ካናቴራውን አልፎ ቱታውን አርሶታል። ‹‹ኮች፣ ዛሬ ሰዓቱን አይዩብኝ›› አለችኝ። ‹‹የኔ ልጅ፣ ሰዓት አልያዝኩም፤ ይልቅ ሂጂ አጥቢው፣ የቀረውን ከሰዓት ዱብ ዱብ ትይዋለሽ›› አልኳት። ሄደች። ከሰዓት ተመልሳ መጣች፤ ነጠላዋን ለቆሙት ልጆች ሰጥታ የቀራትን ሩጫ ጨረሰች። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። በክለቧ የግምገማ ቅጽ ላይ ግን የሚሞላበት ቦታ የለውም፤ ቅጹ የሚጠይቀው ውድድር፣ ደረጃና ሰዓት ነው።

በእኔ ላይ የደረሰውም ከዚሁ አይለይም። ማርገዜን ለክለቤ ሳሳውቅ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› ተባልኩ፤ ከልባቸውም ነበር። እስከ ሰኔ ደሞዜን ከፈሉኝ። በሐምሌ አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ ስሜ የለም። ደብዳቤ የጻፈልኝ አልነበረም፤ ያወቅኩት ባንክ ሄጄ ደሞዜ እንዳልገባ ሳይ ነው። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ‹‹ስትመለሺ ሰዓት አምጪና እንነጋገራለን›› የሚል ነበር። ሰዓት በምን ይመጣል? ለሚኒባስ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለምግብ፣ ለጫማ፣ ሕፃኑን ለምትይዝ ሰው ያስፈልጋል። አሯሯጭ የሚገኘው፣ ማሳጅ የሚገኘው፣ ሐኪም የሚገኘው ክለብ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ወስዶ ‹ሰዓት አምጪ› ማለት በር ዘግቶ ግቢ እንደማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የሚያስከትለውን እኛ ሜዳ ላይ የምንውል እናውቀዋለን። እርግዝናዋን ሰፋ ባለ ቱታ ደብቃ እስከ አምስተኛ ወር የምትወዳደር አለች። ‹አንድ የውል ዘመን፣ አንድ ሌላ› እያለች ልጅ መውለዱን ስታራዝም ዕድሜዋ ያለፈባት አለች። ወልዳ በአርባ ቀኗ ኢንተርቫል ገብታ የተሰበረችም አለች። ልጁን ለእናቷ ገጠር ልካ፣ ጡቷን አስራ፣ ካምፕ የገባችም እንደዚሁ። ከነዚህ መካከል ስንት ደራርቱ እንደነበረች ማን ያውቃል?

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደሞዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ብዙዎቹ ክለቦቻችን ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የባንኮችና የጸጥታ ተቋማት ናቸው። በአንዱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊዋ ወልዳ ስትመለስ ወንበሯ ይጠብቃታል፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ደረቷ ላይ ጽፋ የምትሮጠው ግን ወንበር የላትም። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በዚያ ላይ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በ90 ቀኗ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ሥራዋን ትቀጥላለች። የሯጭ ሥራ ሰውነቷ ነው፤ በ90 ቀኗ ገና ዱብ ዱብ ላይ ናት።

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻም አይደለም። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፌሊክስ፣ ያን ሁሉ የኦሊምፒክ ወርቅ ይዛ፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ክፍያዋ እንዳይነካ ውል ውስጥ ይግባልኝ ብላ ከናይኪ ጋር መስማማት ስላልቻለች ግንቦት 2011 ጉዳዩን በኒውዮርክ ታይምስ ጽፋ አደባባይ አወጣችው። ሌሎችም ተናገሩ። በዚያው ክረምት ኩባንያው ነፍሰ ጡር አትሌት ለ18 ወራት በውጤት ምክንያት ክፍያዋ እንዳይቀነስ ውሉን አሻሻለ። ፌሊክስም በቶኪዮ ኦሊምፒክ እናት ሆና በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ወርቅ ወሰደች። ጫማ ሻጭ ኩባንያ 18 ወር መጠበቅ ከቻለ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ክለብ እንዴት ያቅተዋል?

የክለብ ሰዎች የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። በጀቱ ውስን ነው፤ ከታች የምታድግ ልጅ ቦታ ትጠብቃለች፤ ‹ለማትሮጥ ሰው ከፍለን የምትሮጠውን እንዴት እናስቀር› ይላሉ። የታዳጊዋ ነገር ያሳስበኛል፤ የማሰለጥነው እነሱን ነውና። ነገር ግን ያቺው ታዳጊ ነገ እናት ትሆናለች። ታላቋ ወልዳ ስትባረር ቆማ እያየች ነው፤ ሂሳቡንም በልቧ እየሠራች ነው። በ16 ዓመቷ ‹ይህ ሥራ እስክወልድ ድረስ ብቻ ነው› ብላ ያመነች ልጅ ከአሰልጣኟ ጋር የአሥር ዓመት ዕቅድ አትነጋገርም። ቶሎ ጎዳና ላይ ወጥታ፣ ሳትበስል ማራቶን ሮጣ፣ ያገኘችውን ይዛ መሄድ ነው የምትፈልገው። ደግሞ ምን ልፍረድባት!

ሌላው የሚባለው ‹‹ደራርቱ አንድ ናት፤ ሁሉም ደራርቱ አይሆንም›› ነው። አንድ ብቻ ብትሆንማ ይህን አልጽፍም ነበር። ጌጤ ዋሚ ከወለደች በኋላ የበርሊን ማራቶንን ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2007 ወልዳ ነሐሴ 2008 ሪዮ ላይ በ29:42.56 ነሐስ ወሰደች። ልብ በሉ፣ ጥሩነሽ በቤጂንግ ወርቅ ስትወስድ የሮጠችው 29:54.66 ነበር፤ የእናቲቱ ነሐስ ከልጃገረዷ ወርቅ ፈጠነ። መስከረም 2010 ደግሞ የቺካጎን ማራቶን በ2:18:31 አሸነፈች። እነዚህ ሴቶች ስም ነበራቸው፤ የራሳቸው ገንዘብም ነበራቸው፤ ክለብ ቢረሳቸውም ልጁን የሚይዝ ሰው መቅጠር፣ አሯሯጭ መክፈል ይችሉ ነበር። የኔ ጭንቀት በወር ደሞዝ የምትኖረዋ፣ ገና ሚኒማ ያላሟላችው ናት። ደራርቱም እኮ ፕሎቭዲቭ ከመሄዷ በፊት ማንም የማያውቃት የገበሬ ልጅ ነበረች።

ደራርቱ በ2011 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ስትሆን ብዙዎቻችን የተደሰትነው ይህን ሁሉ በሰውነቷ ስለምታውቅ ነው። ሐምሌ 2014 ዩጂን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ልጆቻችን መስመሩን ባለፉ ቁጥር እየሮጠች ሄዳ ስታቅፋቸው፣ ስትስማቸው ዓለም ያየው ነው፤ አራት ወርቅና በጠቅላላ አሥር ሜዳሊያ የመጣበት ውድድር ነበር። ታኅሣሥ 2017 ኃላፊነቱ ወደ ስለሺ ስህን ተሻግሯል። ስለሺ በኦሊምፒክ ትራክ ላይ ሁለት ብር ያገኘ ሯጭ ነው፤ የጥሩነሽም ባለቤት ነው። ከሪዮ በፊት የነበረውን ዓመት በአንድ ቤት ውስጥ ሆኖ አይቶታል። ይህን ጉዳይ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ክለቦች ውል የሚያድሱትም ያን ሰሞን ነው። የምጠይቀው በእያንዳንዱ ሴት አትሌት ውል ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ነው፦ እርግዝናዋን ካሳወቀችበት ቀን አንስቶ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ደሞዟ እንዳይቆም፣ በዚያ ጊዜ በውጤት እንዳትገመገም፣ የክለቡ ሐኪምና አሰልጣኝም እንዳይለዩዋት። ፌዴሬሽኑ ደግሞ ይህ አንቀጽ የሌለበትን ውል አልመዘግብም ይበል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል፣ በአንድ ክለብ ውስጥ በአንድ ዓመት የሚወልዱት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ለአንድ ውድድር ከአትሌቶች ጋር የሚጓዙትን ተከታዮች ቁጥር በጥቂቱ መቀነስ ይበቃል።

የሱሉልታዋ ልጅ ውል የሚያበቃው በዚህ ሰኔ ነው። እስካሁን ያደረገችውን ልምምድ በየሳምንቱ ከፋፍዬ፣ ወደ ውድድር የምትገባበትን ወር ጨምሬ ለክለቧ ጽፌያለሁ። መልሱን እየጠበቅን ነው።